ኤርታሌን በኩርሙክ

ኩርሙክ ላይ ዘፈን የሚገዛው በሚሞሪ ካርድ ነው። ገበያው ዳር ካሉት ሱቆች ወደ አንዱ ገብተህ ካርዷን ታቀብላለህ፤ ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሮ ፎልደር ከፎልደር እያገላበጠ ይጭንልሃል። የሱዳን ዘፈን፣ የኦሮምኛ፣ የአማርኛ፣ ሠርግ ላይ በስልክ የተቀዳ የበርታ ጨዋታ፣ ሁሉም አንድ ላይ ታጭቆ ይመጣል። የድንበር ከተማ ጆሮው ሰፊ ነው። ማዶ ያለው የሱዳን ከተማም ስሙ ኩርሙክ ነው። ሰላም ሲሆን ሁለቱ ኩርሙኮች ገበያና ዘመድ ይጋራሉ። ሰላም ሲጠፋ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በተነሳው የሱዳን ጦርነት እንዳየነው፣ ሰው ልጁን አዝሎ ወደዚህ ይሻገራል። አንዳንዱ ከልጁ ቀጥሎ ያተረፈው ስልኩን ነው፤ ስልኩ ውስጥ ደግሞ ዘፈን አለ።

አንድ ቀን ያላዘዝሁት አልበም አብሮ ተጭኖልኝ መጣ። ቀትር ነበር፤ የቆርቆሮ ጣሪያው በፀሐዩ ይንጣጣል። ስከፍተው ከትንሿ ስፒከር ጊታር ገንፍሎ ወጣ። እንደ ክራር የሚንቆረቆር ጊታር አልነበረም፤ የሚያጉረመርም፣ ጥርሱን የሚያፋጭ ጊታር ነበር። ከላዩ ላይ የሚዘፈነው ግን አማርኛ ነው፤ ዜማውም ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ዓይነት ነው። የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» ነበር።

የጎረቤቴ አባት፣ ዕድሜያቸው የገፋ የበርታ ሽማግሌ፣ አጥሩ ጥግ ጥላው ስር ተቀምጠዋል። ጥቂት አዳመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ስንት ሰው ነው የሚነፋው?»

«የሚነፋ የለም አባቴ። ጊታር ነው። አንድ ሰው ነው የሚመታው።»

«አንድ ሰው?» አሉ፤ ትንሽ ቆይተውም «ይህን ሁሉ ድምፅ አንድ ሰው ብቻውን ከተሸከመው ይደክመዋል፣ ልጄ» አሉኝ።

ስለ ኤርታሌ መጻፍ ያሰብሁት ያን ቀን ነው። ብዙ ሰው አልበሙን «ፈረንጅኛ ድምፅ ላይ የተለጠፈ አማርኛ» አድርጎ ያየዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ሽማግሌው ሲሰሙት የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ይህ ምንድን ነው?» አልነበረም። ድምፁን ያወቁት መሰለኝ፤ የጠየቁት የሰዉን ቁጥር ነው።

«ኤርታሌ» እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የጃኖ ባንድ የመጀመሪያ አልበም ነው። ባንዱን አዲስ አበባ ላይ ያሰባሰቡት በሙዚቃ ሥራ አስኪያጅነት ስማቸው የታወቀው አዲስ ገሠሠ ናቸው። ከፊት አራት ድምፃውያን ቆመዋል፦ ዲበኩሉ ታፈሰ፣ ኃይሉ አመርጋ፣ ሄዋን ገብረወልድና ሃሌሉያ ተክለጻድቅ። ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት። ከኋላቸው ጊታር፣ ቤዝ፣ ኪቦርድና ድራም። ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው የቤዝ ተጫዋች ቢል ላስዌል ነው። ጥብቅ የሆነ የሜታል ሰው ይህን አልበም «ሮክ እንጂ ሄቪ ሜታል አይደለም» ሊል ይችላል፤ አልከራከረውም። ጊታሩ ግን ክብደቱን ያመጣው ከዚያው ቤት ነው፤ ቤቱን ሳናውቅ አልበሙን ማወቅ አይቻልም።

ሄቪ ሜታል ቃል በቃል «ከባድ ብረት» ማለት ነው። የተወለደበት ቦታም የብረት ከተማ ነው፦ በርሚንግሃም፣ እንግሊዝ። ቶኒ አዮሚ የሚባል የ17 ዓመት ልጅ በአንድ የቆርቆሮ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ሥራውን በሚለቅበት የመጨረሻ ቀን ማሽኑ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠው። ግራኝ ስለሆነ የጊታሩን ክር የሚጫነው በቀኝ እጁ ነው፤ የተቆረጠበት ማለት የሚጫወትበት እጅ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራላቸው፤ ቆቡ ክሩ ላይ እንዳይንሸራተት ከአሮጌ ጃኬት ቆዳ ቆርጦ ለበጠው። ቀጫጭን ክሮች መረጠ፤ ቆይቶም ክሩን አላልቶ ድምፁን ከተለመደው ዝቅ አደረገው። ክር ሲላላ ለታመመ ጣት ይመቻል፤ ድምፁም ይወፍራል። እሱና ጓደኞቹ ብላክ ሳባት ብለው የሰየሙት ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን በአንድ ቀን ቀረጻ ጨርሶ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1970 አወጣ። አልበሙ የሚከፈተው በዝናብ ድምፅ፣ በነጎድጓድና በቤተ ክርስቲያን ደወል ነው፤ ከዚያ ጊታሩ ይወድቃል። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ከባድ ሙዚቃ ሁሉ የዘር ሐረጉን ሲቆጥር እዚያ ይደርሳል።

ያ የሚያጉረመርም ድምፅ እንዴት ይመጣል? የጊታሩ ክር የሚሰጠው ማዕበል ለስላሳ ነው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። ማጉያው ከሚችለው በላይ ሲገፋ ግን የማዕበሉን ጫፍ ማድረስ ያቅተዋል፤ ጫፉ ይቆረጣል። ጫፉ ሲቆረጥ መጀመሪያ ያልነበሩ ቀጫጭን ድምፆች ከዋናው ድምፅ ጎን ይወለዳሉ። ጆሯችን ያንን ነው «ሻካራ» ወይም «ጠንካራ» ብሎ የሚሰማው። ሙያተኞቹ ዲስቶርሽን ይሉታል። ዛሬ በእግር የሚረገጥ ትንሽ ሳጥን ይሠራዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ግን የኪንክስ ባንድ ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ የስፒከሩን የሚርገበገብ ወረቀት በምላጭ ሰነጣጥቆ ነበር ያገኘው።

እኛ ግን ኤሌክትሪክ ሳይመጣ ይህን ድምፅ እናውቀው ነበር። የበገናን አሠራር ልብ ብሎ ያየ ሰው ይገባዋል። በገና 10 ክር አለው፤ ከጅማት የተፈተለ። ክሮቹ የሚያርፉበት ድልድይ ላይ በእያንዳንዱ ክር ሥር ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል፤ ስሙ እንዚራ ይባላል። ደርዳሪው እንዚራዋን በጣቱ እየነካ ወደፊት ትንሽ፣ ወደኋላ ትንሽ ያደርጋታል፤ ክሩ ሲመታ ቆዳዋን ለአፍታ ነክቶ እንዲለቃት። ቦታዋን እስክታገኝ ክሩ ደረቅ ነው። ቦታዋን ስታገኝ ግን በገናው ያ የምናውቀው የሚነዝር፣ ደረት ውስጥ የሚገባ ድምፁን ይሰጣል። እንዚራውን ብታወጣው በገናው ይሰማል፤ በገና ግን አይሆንም። የአባቶቻችን ጆሮ ንጹሕ ድምፅ ብቻውን ለትልቅ ነገር እንደማይበቃ ያውቅ ነበር። በገና የጸሎት ዕቃ ነው፤ ከሮክ መድረክ ጋር ላወዳድረው አይደለም። የማወዳድረው ሁለት ቆዳዎችን ነው፦ የአዮሚን የጣት ቆብና እንዚራን። ሁለቱም ክር የሚነካቸው የቆዳ ቁራጮች ናቸው፤ ሁለቱም ድምፁን ያከበዱ።

ኤርታሌ ላይ ጊታሩ ለጆሯችን እንግዳ ያልሆነበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ቅኝቱ። የብላክ ሳባት የመጀመሪያ ዘፈን የሚያስፈራው በሁለት ድምፆች መካከል ባለ ርቀት ነው፤ ሦስት ሙሉ ድምፅ የሚያህል ርቀት። አውሮፓውያን ሊቃውንት ይህን ርቀት ለዘመናት ይሸሹት ነበር፤ ስሙንም «በሙዚቃ ውስጥ ያለ ዲያብሎስ» ብለውታል። እኛ ዘንድ ያ ርቀት አንቺሆዬ ቅኝት ውስጥ ነው፤ በመጀመሪያውና በአራተኛው ድምፅ መካከል። አንቺሆዬን በሠርግ ቤት ሰምቶ ያላደገ ማን አለ? እነሱ የሚፈሩት ርቀት እኛ ሙሽራ የምንሸኝበት ነው። አምባሰል ውስጥም በሁለተኛውና በአራተኛው ድምፅ መካከል ያው ርቀት አለ።

በዚህ ላይ የሜታል ጊታር አጨዋወት ራሱ ለቅኝት ይመቻል። ሜታል ጊታሪስት ድምፁ ሲሻክር ብዙ ድምፅ ከደራረበ ስለሚምታታበት ሁለት ብቻ ያጣምራል፦ መነሻውንና አምስተኛውን። ሙዚቃውን «ደስተኛ» ወይም «ሐዘንተኛ» ብሎ የሚበይነውን ሦስተኛ ድምፅ ይተወዋል። አማርኛ ዜማ በምዕራባዊ ኮርድ ሲታጀብ ብዙ ጊዜ የሚያመው እዚያች ሦስተኛ ድምፅ ላይ ነው፤ ኪቦርዱ ዜማው ያላሰበውን ስሜት ይጭንበታል። ከባዱ ጊታር ያንን ቦታ ባዶ ስለሚተወው ትዝታም ሆነ ባቲ እንደልቡ ይሄድበታል። ኤርታሌን ስሰማ ድምፃውያኑ ከጊታሩ ጋር ሲጣሉ የማልሰማው ለዚህ ይመስለኛል። ጊታሩ ከሥር እንደ አለት ይነጠፋል፤ እነሱ ከላይ ያንቆረቁራሉ። በተለይ የሴቶቹ ድምፅ ከዚያ ጉርምርምታ በላይ ሲወጣ፣ ጭስ ውስጥ የታየ ነጭ ነጠላ ይመስለኛል።

ወደ ቢል ላስዌል ልመለስ። ይህ ሰው ለአንድ ዓይነት ሙዚቃ ታማኝ ሆኖ አያውቅም፤ ለእኛ የበጀን ይኸው ጠባዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ከሄርቢ ሃንኮክ ጋር «ፊውቸር ሾክ»ን ሠራ። በ1986 ደግሞ ሞተርሄድ የተባለው፣ በዓለም ላይ ከከባዶቹ ሁሉ ከባድ ከሚባሉት አንዱ የሆነው የእንግሊዝ ባንድ «ኦርጋዝማትሮን» አልበሙን በእሱ ፕሮዲውሰርነት አወጣ። ናፓልም ዴዝ ከተባለው ባንድ ድራመር ጋር ፔይንኪለር የሚባል ባንድ ነበረው። ጩኸትን ያውቃል።

አማርኛን ያወቀው ግን በጂጂ በኩል ነው። እጅጋየሁ ሽባባው የቻግኒ ልጅ ናት። ቻግኒ ከክልላችን ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ከመተከል ጋር ትዋሰናለች፤ ከዚያ የሚነሳው መንገድ ወደ ግልገል በለስ ይወርዳል። ላስዌል እ.ኤ.አ. በ2001 «ጂጂ» የተባለውን አልበሟን ሲሠራ ሄርቢ ሃንኮክን፣ ዌይን ሾርተርንና ፋሮ ሳንደርስን የመሰሉ የጃዝ ታላላቆችን ከዜማዋ ጀርባ አሰለፈ። ጂጂን የትዳር ጓደኛውም አደረጋት። ስለዚህ ጃኖ ጋ ሲደርስ የአማርኛ ዜማ ለእሱ ከአሥር ዓመት በላይ የቤቱ ድምፅ ነበር። የሞተርሄድን ጊታርና የቻግኒን ዜማ በአንድ ጆሮ የያዘ ሌላ ፕሮዲውሰር በዓለም ላይ የነበረ አይመስለኝም። ኤርታሌ ሊሠራ የቻለው እነዚህ ሁለት መንገዶች አንድ ሰው ላይ ስለተገናኙ ነው።

አልበሙ የወጣበት ጊዜም ቀላል አልነበረም። ኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ጊታር ድሃ ሆና አታውቅም። ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 «ኤሬ መላ መላ»ን ሲያስቀርጽ ያጀበው አይቤክስ ባንድ ነው፤ የዚያን ባንድና የሮሃ ባንድን ጊታሪስት ሰላም ሥዩምን የማያውቅ የሙዚቃ ሰው የለም። ነገር ግን የደርግ የሰዓት እላፊ የምሽት ሙዚቃን አዳከመው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ አንድ ኪቦርድ የሙሉ ባንድን ሥራ ተረከበ። ድራሙም ከኪቦርድ፣ ቤዙም ከኪቦርድ፣ ማሲንቆው ሳይቀር ከኪቦርድ። ለፕሮዲውሰር ይረክሳል፤ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚከፈለው። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ከወጣ በኋላም ሲዲ ከማሳተሚያ ቤቱ ሳይወጣ በየመንገዱ ይባዛ ነበር። በእንዲህ ያለ ገበያ ውስጥ አራት ድምፃዊና ሙሉ ባንድ ሰብስቦ፣ አስለማምዶ፣ ከባድ ጊታር ያለበትን አልበም ማውጣት የገንዘብ ሒሳብ ያላስገባ ፍቅር ይጠይቃል።

የባንዱንና የአልበሙን ስም በደንብ መርጠውታል። ጃኖ ቀይ ጥለት ያለው የክብር ልብስ ነው፤ መኳንንቱ ይለብሱት የነበረ። ኤርታሌ ደግሞ አፋር ውስጥ ያለው፣ ሆዱ ውስጥ የቀለጠ ዓለት የሚፈላው እሳተ ገሞራ ነው፤ በአፋርኛ «የሚጨስ ተራራ» እንደማለት ነው። ከፍታው 613 ሜትር ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ እንጦጦ ጋር ቢተያይ ጉብታ ነው። ክብደቱ በከፍታው አይደለም።

ከዚያስ? ከኤርታሌ ቀጥሎ የሮክ ባንድ ጎርፍ ይመጣል ብሎ የጠበቀ ሰው አልቀናውም። ጃኖ ሁለተኛ አልበሙን «ለራስህ ነው»ን ያወጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ከድምፃውያኑ ውስጥ በግላቸው የሠሩ አሉ። የአልበሙ ርስት ግን ሌላ ቦታ ላይ ይታያል። ዛሬ አንድ የአማርኛ ዘፈን መሃል ሻካራ ጊታር ድንገት ገብቶ ሲወጣ አድማጩ አይደነግጥም። የባህል ዜማ በከባድ ድራም ሲሄድ «ተበላሸ» የሚለውም ቀንሷል። አንድ አልበም ጆሮን ካሰፋ ሥራውን ሠርቷል እላለሁ፤ ልጅ ሳይወልድም ቢሆን።

ሌላው ዓለም ግን ከዚህ አንድ እርምጃ ርቆ ሄዷል፤ ኩርሙክ ላይ ተቀምጦ ለሚያዳምጥ ሰው እርምጃው ቅርቡ ነው። ሴፑልቱራ የብራዚል ሜታል ባንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 «ሩትስ»፣ ማለትም «ሥሮች» የሚል አልበም አወጣ። አብዛኛው የተቀረጸው ካሊፎርኒያ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ለአንዱ ሥራ ግን ጊታራቸውን ይዘው ማቶ ግሮሶ ግዛት ውስጥ ወዳለ የሻቫንቴ ነባር ሕዝብ መንደር ሄዱ፤ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ተቀምጠው፣ ሰዎቹ በራሳቸው ዜማ እያዜሙ፣ እነሱ ኤሌክትሪክ በሌለው ጊታር እያጀቡ እዚያው ቀረጹ። «ሩትስ» ዛሬ ከሜታል ክላሲኮች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። የሞንጎሊያው ዘ ሁ ባንድ ደግሞ በ2019 የፈረስ ጭራ ክር ባለው መሰንቋቸውና በጉሮሮ ዜማቸው የሜታል አልበም ሠርተው ዓለምን ዞሩበት። ሁለቱም ክብደቱን ከውጭ አላመጡትም፤ ቤታቸው ውስጥ ፈልገው ነው ያገኙት።

የእኛ ቤት ክብደት ዋዛ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ «ዋዛ» ሲል ቀልድ፣ ቁም ነገር ያልሆነ ማለቱ ነው። በርታ ጋ ቃሉ ሌላ ነው። ዋዛ ከቅል የሚሠራ ረዥም መለከት ነው፤ በአሶሳ ዞን በኩርሙክ፣ በመንጌ፣ በሸርቆሌ፣ ድንበሩን ተሻግሮም በሱዳን ብሉ ናይል የበርታ ሕዝብ ይነፋዋል። ሽማግሌው አንድ ማታ ቤታቸው ወስደው አሳዩኝ። ጭስ ያጠቆረው ነበር። የቅል ቁራጮች፣ ጫፍና ጫፋቸው ተቆርጦ፣ አንዱ በሌላው አፍ ውስጥ እየገባ፣ ከቀጭኑ መንፊያ ወደ ሰፊው አፍ እያደገ ይሄዳል፤ መጋጠሚያው እንዳይላቀቅ በስንጥር ተደግፎ ታስሯል። ሳነሳው እንደ ባዶ ሰፌድ ቀለለኝ። እሳቸው ተቀብለውኝ አፋቸው ላይ አደረጉና አንዴ ነፉት። የጎጆው ግድግዳ ሲመልሰው ድምፁ በጆሮዬ ሳይሆን በደረቴ ገባ።

«ሌላውስ ድምፅ?» አልኳቸው።

«ሌላ ድምፅ የለውም። ሌላው ድምፅ ሌላ ሰው ቤት ነው።»

ዋዛ የሚገባን ይህን የተረዳን ጊዜ ነው። አንድ ዋዛ አንድ ድምፅ ብቻ አለው። ከክንድ ብዙም ከማይበልጠው አንስቶ ከሰው ቁመት እስከሚስተካከለው ድረስ አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዋዛ ይሰለፋል፤ ሁሉም ነፊ የራሱን አንድ ድምፅ ይዟል። ዜማው የማንም አይደለም። አንዱ ይነፋል፣ ያቋርጣል፤ ሌላው ክፍተቱን ይሞላል፣ ያቋርጣል፤ ድምፁ ከሰው ሰው እየዘለለ ዜማ ይሆናል። ነፊዎቹ ትከሻቸው ላይ ባንጋደዱት እንጨት ምቱን እየመቱ፣ እግራቸውን እየጣሉ፣ ክብ ሠርተው ይዞራሉ። አንዱ ተራውን ከሳተ ዜማው ጥርሱ ወለቀ ማለት ነው። ሽማግሌው ጊታሩን ሰምተው «ስንት ሰው ነው?» ያሉት ለዚህ ነበር። በእሳቸው ዓለም ከባድ ድምፅ የሚሠራው ሰው ተደምሮ ነው። ጊዜም አለው፤ «እህል ሳይደርስ አይነፋም» አሉኝ። አዝመራው ሲገባ ይወርዳል፣ ሲያበቃ ወደ ጭሱ ይመለሳል።

ዋዛ ጨርሶ ሳይቀረጽ ቀርቷል ማለት አይደለም። ዩኔስኮ ባሳተመው የዓለም ሙዚቃ ስብስብ ውስጥ ሮበርት ጎትሊብ የተባለ ሰው ከሱዳኑ ብሉ ናይል የቀረጸው የበርታና የጉሙዝ ሙዚቃ አለ። ኩርሙክ ገበያ ላይ ግን ያ አይሸጥም። እዚህ ያለው የስልክ ቅጂ ነው፤ የችግሩ ሁሉ ቋጠሮም እዚያ ላይ ነው። የስልክ ስፒከር ከጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ ወፍራም ድምፅ አየር መግፋት ስለሚፈልግ ከዚያች ስፒከር አይወጣም። ሌላ ሙዚቃ ላይ ቤዙ ሲቀንስ ዘፈኑ ይሳሳል እንጂ ይተርፋል። ዋዛ ላይ ግን ወፍራሙ ድምፅ አጃቢ አይደለም፤ የዜማው አንድ ፊደል ነው። እሱ ሲጠፋ ዜማው ይጎድላል። በሚሞሪ ካርድ ላይ የሚያድጉት የኩርሙክ ልጆች የሚሰሙት ዋዛ ፊደል የጎደለው ዋዛ ነው፤ ልጆቹ ግን ዜማው ራሱ እንደዚያ ይመስላቸዋል። ብዙ ማይክ፣ ጥሩ መቅረጫ፣ ነፊዎቹን የሚያከብር ፕሮዲውሰር፣ ለእያንዳንዱ ቅል የሚገባው ቦታ፤ ጃኖ ለራሱ ድምፆች ያገኘው ይህን የመሰለ ነበር። ዋዛ የሚፈልገውም ከዚህ አይበልጥም። ከባድ ጊታር ይጨመርበት አይጨመርበት የነፊዎቹ ምርጫ ይሁን፤ እኔ ብጠየቅ ግን አንድ ሥራ ላይ ጊታሩ በረዥሙ ዋዛ ሥር ዝም ብሎ ሲያጉረመርም መስማት እመኛለሁ።

ባለፈው አዝመራ ሠርግ ነበር፤ ዋዛ ወጣ። እኔም በስልኬ ቀዳሁት። በማግስቱ ሽማግሌው ጥላቸው ስር ተቀምጠው ሳገኛቸው ከፈትሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ምቱን ይመታል፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ጣታቸው ተንጠልጥላ ትቀራለች፤ ዙሩ ተመልሶ እዚያው ሲደርስም እንደዚያው። መጨረሻ ላይ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ትልቁን የሚነፋው ሰው አልመጣም ነበር እንዴ?»

መጥቶ ነበር። ከሰልፉ ጫፍ፣ ከእኔ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ላቡ በአንገቱ እየወረደ እስኪነጋ ሲነፋ አይቼዋለሁ።